ከጂንካ አንድ ድምፅ

ማክሰኞ ከአልዱባ ገበያ ወደ ጂንካ ስመለስ፣ ከዲመካ የመጣው ሚኒባስ ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ከተከናነበች አንዲት አሮጊት አጠገብ። የገዛሁትን ቅቤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ በላስቲኩ ውስጥ ሲያቀልጠው ሽታው መኪናውን ሞላው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ እዚሁ ተቀቢውና ይለይልን» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቅቤውን የገዛሁት ለጎረቤት ሠርግ ታዝዤ ነው። የቅቤ ሽታ ለእኔ ከድሮም ደስ አይለኝም፤ ምክንያቱን ስደርስበት እናገራለሁ።

ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። የአካባቢያችን ጣቢያ «የምንጊዜም ተወዳጅ ዘፈኖች» እያለ አድማጮቹን ማስመረጥ ከጀመረ ሰንብቷል። በየሳምንቱ ጥቂት ዘፈኖች ይጠራል፤ ከታች ጀምሮ ወደ አንደኛው እየወጣ ነው። የሚመረጠው በስልክ መልእክት ነው። ድምፅዋ ገና የልጅ የሆነው አቅራቢ «አደራ፣ ከአንድ ስልክ የሚቆጠረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ደጋግማችሁ ብትልኩም እንደ አንድ ነው» አለች። መኪናው ውስጥ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ልብ አልኩት። ይህን ማሳሰቢያ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ ደግሞ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። የዛሬ ልጆች አድሰውት፣ ከበሮውን አፍጥነውት፣ የማይታወቅ አድርገውታል። አጠገቤ ያለችው አሮጊት ግን ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ቀድማ ማንጎራጎር ጀመረች።

«ዞር በል በሬ፣ ዞር በል፣ ሜዳውን ልቀቀው፤
ከሰማይ የሚወርድ፣ አለኝ የምጠብቀው።»

ሰው ሲያረጅ ድምፁ አይለወጥም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይለወጣል። የእሷም ሻክሯል። ሆኖም «አለኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ትንፋሿን የምትይዝበትን ቦታ የማውቅ እኔ ነኝ። በዓይኔ ጥግ አየኋት። ሁለቱንም ዓይኖቿን ነጭ ነገር ጋርዷቸዋል። ዝም ብል አታየኝም። ዝም ልልም ቆርጬ ነበር። ያጋለጠኝ ሹፌሩ ነው። «እናት፣ ጂንካ የት ነው የምትወርጂው?» ሲለኝ «አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ጋ» አልኩት። ማንጎራጎሩ ቆመ።

«ውድነሽ?» አለች አሮጊቷ። አስቴር ናት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጂንካ መሃል ለመሃሏ የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። አስፋልት የለውም፤ ሣር ነው። አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ጡሩንባ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ዱላ ያለው በዱላ፣ የሌለው በጩኸት ከብቱን ያባርራል። ዘንቦ ከነበረ አውሮፕላኑ ከላይ ዞር ዞር ብሎ ያየንና ይመለሳል። ደብዳቤያችን፣ ጋዜጣችን፣ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋያችን፣ አዲስ የተሾመብን ሰው ሁሉ የሚመጣው በእሱ ነው። ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር። ሙዝ ከላይ ከዳገቱ የሚወርዱ እናቶች በጀርባቸው አዝለው በራችን ድረስ ያመጡታል፤ አንድ እቅፍ ሙዝ በሃምሳ ሳንቲም ገዝተን ለጎረቤት እናካፍል ነበር። እኛ ሴቶቹ ነጭ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ አንጥተን እናድራለን፤ ጠዋት የጂንካ ጭቃ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ወንዶቹ አርባ ምንጭ ወርደው የሚያሰፉት ሱሪ ከታች ከመስፋቱ የተነሣ መንገድ ይጠርግ ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ ከከተማ ወጣ ብሎ አስፋልት ላይ ያርፋል፤ በአሮጌው ሜዳ ዳር ባጃጅ ይርመሰመሳል። ለውጡን አልጠላውም። ያ ሜዳ ብዙ አይቶብኛል።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አለቃዬ ቢሞትም ልጆቹ አሉ። አባቴ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ያወረሰኝ ነገር ቢኖር እጅ ጽሑፉን ነው። ፊደሌ የታተመ ይመስል ነበር። የሠርግ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ጦር ሜዳ ላለ ልጅ የሚላክ ደብዳቤ፣ ወደ እኔ የማይመጣ ወረቀት አልነበረም። በትርፍ ሰዓቴ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ሰዉ «የውድነሽ እጅ» ይል ነበር፣ የመድኃኒት ስም የሚጠራ ይመስል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ለሚቀጥለው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

አስቴር የአሪ ልጅ ናት፤ ከጂንካ በላይ ካለ መንደር። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ የቀበሌው ሰዎች ድምፅዋን ሰምተው ኖሮ ኪነት ቡድን ውስጥ አስገቧት። ካኪ ለብሳ፣ ጡጫዋን አንስታ፣ ስለ ምርት ስትዘምር የወንጌል ሽማግሌዎቻቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ከሥራ ስወጣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ፤ የመዝሙሩን አማርኛ እንዳስተካክልላት። «ይኼ ‹ዘለዓለማዊ› የሚሉት ነገር አፌ ውስጥ አይዞርም፣ ውዴ፤ አጠር አድርጊልኝ» ትለኝ ነበር። አጠር አደርግላታለሁ። ከእሷ በቀር ቤቴ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ያኔ ይህን ልብ አላልኩም።

አንድ ቀን አውሮፕላኑ መጥቶ አንድ ቀይ በሬ መሃል ሜዳ ተኝቶ አልነሳም አለ። ጮኹበት፣ ጭራውን ጠመዘዙት፣ ወይ ፍንክች። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞሮ ተመለሰ፤ ዘመዱን ሊቀበል የለበሰው ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ። ያን ዕለት በመሥሪያ ቤት ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥሙን ጻፍኩ። አስቴር አንድ ጊዜ አነበበችውና እዚያው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ዜማውን አወጣችው። ዜማው የእሷ ነው፤ ይህን ክጄ አላውቅም። ግጥሙ የእኔ ነው፤ ይህን ደግሞ የመሰከረልኝ አልነበረም።

ከሬዲዮ የመጡ ሰዎች በቀበሌው አዳራሽ የኪነት ቡድኑን ዘፈን ሲቀዱ አለቃዬ ፈቃድ ከልክሎኝ ቢሮ ቀረሁ። ከሰነበተ በኋላ ዘፈኑ በሬዲዮ ተለቀቀ። ከተማው በጭብጨባ ተናወጠ። ከዘፈኑ በፊት ግን ተናጋሪው «ዜማ አስቴር፣ ግጥም የሕዝብ» አለ። የሕዝብ! የቡድኑ ክራር መቺ፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ቢሮዬ መጥቶ ነበር፤ እየሳቀ ነገረኝ። «ግጥሙ የማነው ብለው ጠየቋት፤ የሰፊው ሕዝብ ነው አለቻቸው። እንኳን ደስ አለሽ፣ ሰፊው ሕዝብ!» አለኝ። ደብዳቤውን ጻፍኩለት። ያን ቀን አስቴር ስትመጣ በሬን አልከፈትኩም። በማግስቱ ከፈትኩ፤ እንደ ወትሮው ሻይ አፈላሁላት። ለምን እንዲያ እንዳለች አልጠየቅኳትም። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ስንፍና ይህ ነው። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው፣ «ለምን እንዲህ?» ኩራቴ ግን ከሁለቱ ቃላት በለጠብኝ።

ምርጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሬዲዮው «ከዘፈን ሁሉ የምትወዱትን በደብዳቤ ጻፉልን» አለ። የሁሉም ጊዜ ምርጥ የሚባሉት ዐሥር ዘፈኖች ተለይተው ይነገራሉ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘፋኝ ከዐሥሩ ከገባ ወደ አዲስ አበባ ተጠርቶ በትልቅ ባንድ ይቀዳል። አስቴር ይህን የሰማች ዕለት ገበያ ወርዳ ቡናማ ሻንጣ ገዛች። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዳ ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋች፤ ኪሱ ሁለት፣ አንገቱ ነጭ። ቀሚሱን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችና ሻንጣውን በር አጠገብ አቆመችው። «ጡሩንባው ሲነፋ ብድግ ነው» ትል ነበር።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ጂንካ በአንድ ልብ ስትሰበሰብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለመሬትም፣ ለውሃም እንደዚያ አልተሰበሰበችም። ሰው ሁሉ «ዞር በል በሬ»ን ሊመርጥ ተስማማ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «እንግዲህ እኛ ፊደል የቆጠርነው ትናንት ነው። ይህ የሚሄደው ለሬዲዮ ነው። ጭረታችንን ልከን አገር ከምናሰድብ በውድነሽ እጅ ይጻፍ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሌላው «አሻራም ይደረግበት፤ አሻራ የሌለው ቃል ማን ያምነዋል?» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ፍርድ ቤት የለመደ ሕዝብ ነው፤ ለዘፈንም ቢሆን አውራ ጣቱን ሳይነክር የተናገረ አይመስለውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮዬ ደጃፍ ሰልፍ ሆነ። ስም ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክረው ያትማሉ። ከታች ቆላ የመጣ አንድ የሐመር ሽማግሌ በአስተርጓሚ «ምረጥ ተብዬ መጣሁ» አለኝ። «ዘፈኑን ሰምተውታል?» አልኩት። «አልሰማሁም። ግን በሬ በልመና አይነሣም፤ የጻፈው ሰው ከብት ጠብቆ አያውቅም» አለ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ደራሲዋ ፊቱ እንደተቀመጠች አላወቀም። ከሰልፈኛውም ማንም አላወቀም። አሻራውን አስደረግኩት።

ቅዳሜ፣ ከተማው ገበያ እያለ፣ እኔ ቢሮ ነበርኩ። የሬዲዮው ድንጋይ ደክሞ ስለነበር ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታሁት፤ ያኔ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ሰዓት ሲደርስ መልሼ አስገባሁና ጆሮዬን አስጠግቼ ከፈትኩ። ተናጋሪው ስለ ምርጫው ማሳሰቢያ አለን አለ። ደብዳቤውን እያንዳንዱ መራጭ በገዛ እጁ እንዲጽፍ፤ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተጻፉ ደብዳቤዎች ምንም ያህል ቢበዙ እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ። ቀጥሎ ድንጋዩ ደከመና ድምፁ ጠፋ።

ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ወረቀት አየሁት። ሁሉም የእኔ ፊደል ነው። ጊዜ ነበር፤ አውሮፕላኑ ገና በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ነው የሚመጣው። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ ብቻቸውን ተጠርተው እንኳ ቢጽፉ፣ በተጣመመም ፊደል ቢሆን፣ ብዙ ድምፅ ይሆን ነበር። ወጥቼ ገበያ መሃል አንድ ቃል መናገር ነው። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ «ግጥም የሕዝብ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰኞ እናገራለሁ አልኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ እናገራለሁ አልኩ። በየቀኑ እየጻፍኩ፣ በየቀኑ ለነገ እያሳደርኩ፣ ፊደሌን ከወትሮው ይበልጥ እያሳመርኩ ሰነበትኩ። ለምን እንዳሳመርኩት እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም አልኩ ብዬ ራሴን እሸነግል ነበር። የአስቴር አባት ጋሽ ጳውሎስ ግን ረቡዕ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ፊደል የቆጠረው በስተርጅና፣ ከእኔው ዘንድ ነው። ስሙን መጻፍ የቻለ ቀን ደብተሩን ይዞ መንደሩን ሁሉ ያዞረ ሰው። አስቴር አብራው ነበረች። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ እኔ አሻራ አላደርግም። ለገዛ ልጄ ነው፤ በገዛ እጄ ልጽፍ ነው የመጣሁት» አለኝ። ብዕሩን ያዘ። «ዞ» ብሎ ሲጀምር ፊደሏ መስመሩን ለቅቃ ወደ ላይ ወጣች። እኔ ሳቅ አልኩና «ጋሽ ጳውሎስ፣ ይህን በሬዲዮ ቤት ማን ያነበዋል? ይምጡ፣ እኔ ልጻፍልዎ» አልኩት። ብዕሩን ከጣቱ መሃል አወጣሁት። አልታገለኝም። «እውነትሽን ነው፣ የእኔ ያሳፍራታል» ብሎ አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።

ያን ዕለት ጣቶቼ አብጠው ነበር። ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ቤቴ ገብተን፣ አስቴር ከጓዳ ቅቤ አምጥታ፣ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣት በጣት አሸችልኝ። «ለእኔ ብለሽ እጅሽ ሊወልቅ ነው፣ ውዴ። እንዴት አድርጌ እከፍልሻለሁ?» ትላለች። ሽታው እጄ ላይ ሰነበተ። ሰው እየመጣ ያመሰግነኛል፤ አንዷ ማር፣ አንዱ ዶሮ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ «የጓዲት ውድነሽ ውለታ» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ሰው ሲሰድበኝ መመለስ አውቃለሁ። ሲያመሰግነኝ ምን እንደማደርግ ግን ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም።

ደብዳቤው በጆንያ ተሞልቶ አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ ከብቱ የተባረረው በዘፈን ነው። እኔም እዚያው ቆሜ አጨበጨብኩ።

ውጤቱ በተነገረ ቀን የቀበሌው ሬዲዮ በአዳራሹ መስኮት ላይ ወጣ፤ ሰዉ ሜዳው ላይ ሞላ። አስቴር ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ዐሥሩ ተነበቡ፤ የለንበትም። ከዐሥሩ ውጪ የሆኑትም ከየመጡበት ቦታ ጋር መነበብ ጀመሩ። መጨረሻ አካባቢ ተናጋሪው «ዞር በል በሬ፤ ከጂንካ፣ አንድ ድምፅ» አለ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ የተሳሳተ መሰለው። ከዚያ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ «ጆንያውን አንድ ብለው ቆጠሩት?» አለ። ሌላው «ከሰማይ ጥለውት ይሆናል» አለ። ጋሽ ጳውሎስ ሰማያዊ የሆነ አውራ ጣቱን እያየ «አሻራችንን አላወቁትም» አለ። ከዚያ በኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ አላየሁትም።

አቤቱታ ይጻፍ ተባለ። ማን ይጻፍ? እኔ። በዚያው እጄ፣ በደላችንን ዘርዝሬ፣ «ሩቅ በመሆናችን ተንቀናል» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በእኔ ስም መጣ፤ ጨዋ ደብዳቤ ነበር። ጽሑፉ ሁሉ የአንድ ሰው ስለሆነ በማሳሰቢያው መሠረት እንደ አንድ መቆጠሩን፣ ማዘናቸውንም ይገልጻል። አንብቤ አጠፍኩትና ልብሴ መሃል ደበቅኩት። መልስ መጣ ወይ ሲሉኝ «እነሱ ለእኛ መልስ ይሰጣሉ እንዴ!» አልኩ። ሰዉም አመነኝ፤ ማመን ይፈልግ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ እጁን አውጥቶ ዕድል ያልተሰጠው ሁሉ «አዬ፣ ከጂንካ አንድ ድምፅ!» ይል ጀመር። ተረት ሆነ። ያንን ምሬት ለልጆቻቸው አወረሱ። አዲስ አበባ ላይ የናቃቸው ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

አስቴር ያን ቡናማ ሻንጣ ይዛ ከጂንካ ወጣች፤ በአውሮፕላን አይደለም፣ በጭነት መኪና፣ ወደ ዲመካ። እዚያ አግብታ፣ ወልዳ፣ በገበያ ቀን ጨው እየሸጠች ኖረች። ስትዘፍን የሰማ የለም ይባላል። ልሸኛት አልሄድኩም፤ ራሴን አሞኛል አልኩ።

እንግዲህ ወደ ሚኒባሱ።

«ውድነሽ ነሽ፤ ድምፅሽ እንደ ድሮው ቁጡ ነው» አለች አስቴር። እጄን ፈልጋ ያዘችው። ቀጥላ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ «ሰዎች፣ ይህን ዘፈን የጻፈችው እሷ ናት! ግጥሙ የእሷ ነው!» አለች። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ያ የቅቤ ቀልደኛ «እማማ፣ ይቅርታ፤ ደራሲ መሆንሽን ሳላውቅ ነው» አለ።

ወደ እሷ ዞርኩ። «አስቴር፣ ያኔ የሕዝብ ነው ብለሽ አልነበር?»

«ምን ልበል ታዲያ? ካድሬው ደብተሩን ከፍቶ አጠገቤ ቆሟል። ‹በሬ፣ በሬ ትላላችሁ፤ ስለ ምርት ዘመቻ አንድ ቃል የለበትም። ማነው ይህን የጻፈው?› ይለኛል። ስምሽን ሊጽፍ ብዕሩን አውጥቷል። ሕዝብ አልኩት። ሕዝብን አያስር።»

«ማን ነገረሽ? እሱንም ያስሩት ነበር» አለ ሹፌሩ። ሰው ሳቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ያወቅሽ መስሎኝ! አንቺ ሁሉን የምታውቂ አልነበርሽ? አባቴ እስኪሞት ‹የውድነሽ ውለታ› ይል ነበር። እኔስ ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ አዲስ አበባ ናቀችን፣ ውድነሽ ግን እጇ እስኪያብጥ ጻፈችልን ብዬ።»

ይህን ስትል እጄን ጨበጥ አደረገችው። እኔ መስኮቱን አየሁ። አቧራ ብቻ ነው የሚታየው።

«በይ አሁን ምረጪልኝ» አለች። «ስልኬ ልጄ ጋ ነው። ዓይኔን ለመታየት ነው የምሄደው፤ አላይም። የዘፈኑን ቁጥር ላኪልኝ።» ላክሁላት። ወዲያው «ድምፅዎ ደርሶናል» የሚል መጣ፤ አነበብኩላት፤ እንደ ልጅ ሳቀች። ቀልደኛው ልጅ ከኋላ «እማማ ውድነሽ፣ ያንቺስ? ከአንድ ስልክ አንድ ነው፤ ዕድልሽን ለእሷ ሰጠሽ» አለኝ።

«የእኔ ያኔ ገብቷል» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው፤ እኔ ልናገር አላሰብኩም።

አስቴር ሳቀች። «ያኔማ የገባው አንድ ነው።»

«አዎ፣ አንድ ነው። የእኔ ነው።» ሬዲዮው ሌላ ዘፈን ጀምሮ ነበር፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለእሷ ብቻ፣ ነገርኳት። «በአንድ እጅ የተጻፈ እንደ አንድ ይቆጠራል ብለው ነበር፣ አስቴር። ቅዳሜ ቀን። ገበያ ነበራችሁ። እኔ ሰምቻለሁ።»

ብዙ መንገድ ሄድን። እጄን አልለቀቀችም፤ ግን መጨበጡን ተወችው፤ እጄ መዳፏ ውስጥ እንደ ሞተ ነገር ተቀምጧል። የጂንካ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የሰማሽው አባቴ ሊጽፍ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ በኋላ?»

መዋሸት እችል ነበር። ከዋሸሁት ሁሉ ያ ትንሹ ይሆን ነበር።

«በፊት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ሁለት ድምፅ ይሆን ነበር» አለች።

አሮጌው ሜዳ ጋ ስወርድ እሷም አብራኝ ወረደች። መኪናው ትቶን ሄደ። ባጃጆቹ በግራም በቀኝም ይሽከረከራሉ። ብቻዋን እንደማትሻገር አወቀች፤ እኔም አወቅሁ። ትንሽ ቆማ ጠበቀች፣ ምናልባት ሌላ ሰው ያልፍ እንደሆነ። ማንም አላለፈም። «አሻግሪኝ» አለችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ይዤ አሻገርኳት፤ በዚህኛው እጄ ቅቤው፣ በዚያኛው እሷ። ማዶ ስንደርስ ቆመች። ማየት እንደሚችል ሰው እጄን ወደ ፊቷ ከፍ አደረገችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«ቅቤ የቀባሁት ይህንን እጅ ነው» አለች። ለቀቀችኝና ሄደች።